የአእምሮ ሕመምተኛን ብቻችሁን አታስታምሙ፦ ሕክምናው እንዳይቋረጥ የሰፈር ድጋፍ የማደራጃ መመሪያ

ብዙ ቤተሰብ ሕመምተኛውን ሆስፒታል ማድረስ አያቅተውም። የሚያቅተው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መድኃኒቱ ሁለት ሦስት ወር ይወሰዳል፣ ሰውየው ይረጋጋል፣ «ተሻለው እኮ» ይባላል፣ ቀጠሮ ይዘለላል፤ ከዚያ ሕመሙ እንደገና ይነሳል። ያኔ ግን የቤቱ ገንዘብም የእናትየው ጉልበትም አልቋል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ግዴለሽነት አይደለም። ነገሩ ከጎረቤት ተደብቆ አንድ ሰው ላይ ስለሚወድቅ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ሰው ማደራጀቱ ከሆስፒታሉ ይቀድማል።

መመሪያው ለአዋቂ ሰው ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው፦ ለስኪዞፍሬንያ (የሌለ ድምፅ መስማት፣ ያለ ምክንያት መጠርጠር ያለበት ሕመም)፣ ለባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም)፣ ለከባድ ድብርት። ልጃችሁ ኦቲዝም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለው መንገዱ ሌላ ነው፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ በጆይ ወይም በነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ጠይቃችሁ ጀምሩ።

በቅድሚያ፦ ለነገ የማይባሉ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ደረጃዎቹን ተዉና ዛሬውኑ አቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ለድንገተኛ ሪፈር አያስፈልግም።

- ትኩሳት ያለበት ሰው በድንገት ሲቀባዥር ወይም ሰው መለየት ሲያቅተው። ይህ ወባ፣ ታይፈስ ወይም የማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ወደ አእምሮ ሆስፒታል እየተመላለሳችሁ ሰዓት አታቃጥሉ።
- አራስ ሴት እንቅልፍ አጥታ ያልተለመደ ነገር ስትናገር ወይም ስለ ሕፃኑ እንግዳ ነገር ስታስብ። ሕፃኑን ከእርሷ ጋር ለብቻ አትተዉት፤ «አራስ ናት፣ ይለቃታል» አትበሉ።
- የሚጥል ሕመም መንዘፍዘፉ 5 ደቂቃ ካለፈ።
- ምግብና ውኃ እምቢ ካለ።
- ስለ መሞት መናገር፣ ንብረት ማደል፣ መሰናበት ከጀመረ።

በመጨረሻው ላይ በቀጥታ ጠይቁ፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ አብዛኛው ሰው ጠያቂ በማግኘቱ ይቀልለዋል። መልሱ አዎ ከሆነ ለብቻው አትተዉት። የተባይና የአይጥ መርዝ፣ በረኪና፣ ገመድና የተረፈ ክኒን ከቤት አውጡ። ጎረቤት ጋ አስቀምጡ እንጂ ቁም ሣጥን ውስጥ አትደብቁ።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ በአዲስ አበባ ደግሞ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ አገልግሎት በ939 ይገኛል። ቁጥሮቹን በር ላይ ለጥፉ።

ደረጃ 1፦ ደብተር ክፈቱ

ሐኪሙ ከሕመምተኛው ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ አጭር ነው። እዚያ ቁጭ ብሎ «መቼ ጀመረው?» ሲባል አባት ባለፈው ፋሲካ፣ እናት ከሥራ ሲወጣ፣ እህት ደግሞ ከዚያም በፊት ይላሉ። ክርክሩን ቤት ጨርሱት። በአንድ ደብተር ላይ እነዚህን ጻፉ፦

1. መጀመሪያ የታየው ለውጥ ምን ነበር? መቼ?
2. በቀን ስንት ሰዓት ይተኛል? ይበላል?
3. የሚሰማው ድምፅ ወይም የሚፈራው ነገር ካለ፣ በራሱ አነጋገር።
4. ጫት፣ አረቄ፣ ሐሺሽ ይጠቀማል? ስንት ጊዜ?
5. ሌላ ሕመም፣ እርግዝና፣ በፊት የደረሰ የጭንቅላት ጉዳት።
6. እስካሁን የወሰዳቸው መድኃኒቶች ስም፣ መጠናቸው፣ ለምን እንደቆሙ። ስሙን ካላወቃችሁ ባዶ ማሸጊያውን ከደብተሩ ጋር በስቴፕለር አያይዙ።

ጫቱን አትደብቁ። ሐኪሙ የሚጠይቀው ለፖሊስ ሊናገር ሳይሆን ጫት ሕመሙን ስለሚያባብስ ነው።

ደረጃ 2፦ ከሆስፒታሉ በፊት ሦስት ሰው ያዙ

ዋናው ደረጃ ይህ ነው። የሚዘለለውም ይህ ነው።

አንደኛው አጃቢ ነው፤ በቀጠሮ ቀን አብሮ የሚሄድ። ሁለተኛው የመድኃኒት ሰው ነው፤ ክኒኑን የሚቆጥር። ሦስተኛው የወረቀት ሰው ነው፤ ወረዳ፣ ጤና መድህን፣ እድር የሚሯሯጥ። ሦስቱንም አንድ እናት ከያዘችው ድጋፍ አልተደራጀም ማለት ነው።

ስትመርጡ ሕመምተኛው የሚያምነውን አስቀድሙ። በቤተሰቡ ጉባኤ ላይ ጮክ ብሎ የሚናገረው ታላቅ ወንድም ብዙ ጊዜ ለአጃቢነት አይሆንም፤ ወረቀቱን ስጡት፣ እዚያ ጩኸቱ ይጠቅማል። አጃቢነቱን በልጅነቱ ኳስ አብሮት የተጫወተ ጎረቤት ይበልጥ ይችልበታል።

ሕመምተኛው ሲረጋጋ ራሱን ጠይቁት፦ «ከጎረቤት ማን ቢያውቅ ይሻልሃል? ማን እንዲያውቅ አትፈልግም?» የሰጣችሁን ስም አክብሩ። እሱ ሳያውቅ ለሰፈር የተነገረ ነገር ጆሮው ሲደርስ ሁለተኛ አያምናችሁም፤ እምነት የሌለው ሰው ደግሞ ክኒን አይውጥም።

ሲፈራና ሲጠራጠር እንዴት ትናገራላችሁ?

ሦስቱም ሰዎች ይህን ይለማመዱ። ለምሳሌ ሕመምተኛው «እትዬ ቡናው ውስጥ መርዝ ጨምረዋል» አለ እንበል። «አብደሃል እንዴ! እትዬ ናቸው እኮ ያሳደጉህ!» ማለት ጠብ ያስነሳል። «አዎ፣ እኔም ጠርጥሬያለሁ» ማለት ደግሞ ፍርሃቱን ያጸናዋል። እንዲህ በሉ፦ «እኔ እንደዚያ አላየሁም። አንተ ግን ፈርተሃል፣ ይታየኛል። ቡናው ይቅር፤ ውኃ ከዚሁ ጀሪካን ቀድቼ አብረን እንጠጣ።» ድምፃችሁ ዝቅ ይበል። በሩን ዘግታችሁ አትቁሙበት፤ መውጫ ያጣ ሰው ይጋፋል። አንድ ሰው ብቻ ይናገር፣ ሌላው ሕፃናቱን ይዞ ይውጣ።

ሕመምተኛውን አትሰሩ

አታስሩት፣ አትምቱት፣ አታጭሱበት። ታስሮ ከሆነ ደግሞ በሃፍረት አትደብቁት። የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጥሩ፣ እጅና እግሩ ላይ ቁስል ካለ አሳዩ፣ መድኃኒት እንዲጀምርና ሰንሰለቱ እንዲወልቅ አብራችሁ ቀን ቁረጡ። ብዙ ቤተሰብ ያሰረው ጨካኝ ሆኖ ሳይሆን፣ ሌሊት ወጥቶ መኪና እንዳይገጨው ፈርቶ ነው። ያንን ፍርሃት በተራ በማደር መቀነስ ይቻላል።

ደረጃ 3፦ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሆስፒታል

1. መጀመሪያ የቀበሌያችሁ ወይም የወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። «የአእምሮ ጤና የሠለጠነ ባለሙያ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት በርካታ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ለዚህ ሠልጥነዋል፤ ብዙ ሕመምተኛ እዚያው መታከም ይችላል።
2. ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ሪፈር አስጽፉ። ማህተሙን ሳታዩ አትውጡ። ማህተም የሌለው ሪፈር በጤና መድህን አያሳክምም።
3. በሆስፒታል ቀን ጠዋት በጊዜ ድረሱ። ካርድ ክፍል ያለው ሰልፍ ረጅም ነው። ሁለት ሰው ሁኑ፦ አንዱ ይሰለፍ፣ አንዱ ከሕመምተኛው ጋር ጥላ ሥር ይቀመጥ። ዳቦና ውኃ ያዙ። ሰው ተርቦና ፀሐይ መቶት ሲጠብቅ ይነሳበታል፤ ግማሹ «እምቢ ብሎ ተመለሰ» የሚባለው ታሪክ ሰልፍ ላይ የሆነ ነው።
4. ስትወጡ አራት ነገር ጠይቁ፣ ደብተሩ ላይ ጻፉ፦ የሕመሙ ስም ምንድን ነው? መድኃኒቱ መቼና እንዴት ይወሰዳል? ምን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል? የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ሰው ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። ይሁንና ጳውሎስ፣ ዘውዲቱና የካ ኮተቤም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ከከተማዋ ውጭ ጅማ፣ ጎንደር፣ ሐዋሳና መቀሌ ያሉት የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አሉ። ክትትሉ በየወሩ የሚደረግ ነውና፣ ቀጠሮው የሚዘልቀው ቅርብ ሲሆን ነው። ሰውየው ከተረጋጋ በኋላ «ክትትሉን ወደ ጤና ጣቢያችን አዛውሩልን» ብላችሁ ጠይቁ።

*እምቢ ካለስ?* አትጎትቱት። «አእምሮህ ታሟል» ከማለት እሱን ያስጨነቀውን ያዙ፤ እንቅልፍ ካጣ «እንቅልፍህን ያስተካክሉልህ» በሉት። ይህ ውሸት አይደለም፣ እንቅልፉም ይታከማል። ጭራሽ ካልሆነ አጃቢው ደብተሩን ይዞ ብቻውን ጤና ጣቢያ ይሂድና ባለሙያው ቤት ድረስ እንዲመጣ ይጠይቅ።

ደረጃ 4፦ መድኃኒቱን ማዝለቅ

ለድብርት የሚሰጡ መድኃኒቶች መሥራት የሚጀምሩት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይተው ነው። በሳምንቱ «ምንም አልሠራም» ብሎ መጣል ትልቁ ስህተት ነው። ለስኪዞፍሬንያ ደግሞ ምልክቱ ከጠፋም በኋላ ሕክምናው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይቀጥላል፣ ለብዙዎችም ከዚያ በላይ። ማቆም ሲያስፈልግ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። የሚጥል ሕመም መድኃኒትን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ መንዘፍዘፉን ያባብሳል፤ በፍጹም አታድርጉት።

የመድኃኒት ሰው ሥራ ይህ ነው፦

1. መድኃኒቱን አንድ ቦታ ያስቀምጥ፣ ሕፃን በማይደርስበት።
2. ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት፣ ለምሳሌ ማታ ከራት ጋር ይስጥ፣ ደብተሩ ላይ ምልክት ያድርግ። «ዋጥክ?» ብሎ እንደ ዘበኛ አፍ ማስከፈት አያስፈልግም፤ አብሮ መብላት ይሻላል።
3. ሁለት ሳምንት የሚበቃ ሲቀር ለወረቀት ሰው ይንገር። ሆስፒታሉ ፋርማሲ «የለም» ካለ ከነማና ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን አስቀድሞ መፈለግ ያስፈልጋል።

ክኒን ከመዋጥ የሚሸሽ ሰው ካለ ሐኪሙን ስለ ወር መርፌ ጠይቁ። በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ ነው፤ የየዕለቱን ጭቅጭቅ ያስቀራል።

*አንገቱ ከተጠመዘዘ አትደንግጡ።* ለስኪዞፍሬንያና ለመሳሰሉት የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና መሰሎቹ በተጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ይሆናል፦ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ይጠመዘዛል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋጋው ይቆለፋል፣ ምላሱ ይወፍርበታል። ሰውየው ይሰማል፣ መናገር ግን ያቅተዋል። ያየ ሁሉ «ጋኔኑ ተነሳ» ይላል፤ መድኃኒቱ ይጣላል፣ ሕክምናው እዚያ ላይ ያበቃል። ይህ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ወዲያው አቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ማሸጊያውን አሳዩ። የሚያፍታታ መድኃኒት ሲሰጠው ብዙ ሳይቆይ ይለቀዋል። መተንፈስ ካስቸገረው አምቡላንስ ጥሩ። ምራቅ መዝረክረክ፣ እጅ መንቀጥቀጥ፣ መወፈርና ድብታ ደግሞ ለቀጠሮ ቀን ይጻፉ፤ መጠኑ ይስተካከላል ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል።

ደረጃ 5፦ ጠበልና ጸሎትን ከሕክምናው ጋር ማስማማት

«ጠበል ወይስ ሐኪም» የሚለውን ክርክር አትክፈቱት። ቤተሰብ ይከፋፍልባችኋል። የሚጎዳው ጠበሉ አይደለም፤ ጠበል ተብሎ መድኃኒቱ መቋረጡ፣ መጾሙና መታሰሩ ነው።

1. እንጦጦም ሆነ ሌላ ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። «ጠዋት ባዶ ሆዱን ስለሚጠመቅ መድኃኒቱ ማታ ይሁንልን» በሉ፤ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ማታ ሊወሰዱ ይችላሉ። ለረመዳንም እንደዚሁ፣ ከማፍጠሪያ በኋላ።
2. ንስሐ አባቱን ወይም ኢማሙን ከሦስቱ ሰዎች አንዱ አስቀድሞ ያነጋግር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል ሲናገሩ ብዙ ምእመን ተረጋግቷል፤ ይህን ለንስሐ አባቱ ማስታወስ ያግዛል።
3. አጃቢው አብሮ ይደር። መድኃኒቱ በእሱ ቦርሳ ይሁን።
4. «መድኃኒቱን ካልጣለ አላጠምቅም» የሚል አጥማቂ ካጋጠማችሁ አትሟገቱ። ሌላ ቦታ ሂዱ።

ደረጃ 6፦ እድሩን ጠይቁ

እድር ለቀብር ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ሰፈር ውስጥ መዝገብ፣ ገንዘብ፣ ስብሰባና ሰው የመጥራት ሥልጣን ያለው አካል ግን እድር ነው፤ አንዳንዶቹም ለታመመ አባል የሚሰጥ ድጋፍ በመተዳደሪያ ደንባቸው አስገብተዋል። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የተደረገ ጥናት፣ ከጤና ጣቢያ ሕክምና በተጨማሪ ቤት ለቤት የሚከታተላቸው የማኅበረሰብ ሠራተኛ የተመደበላቸው የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኞች፣ ሕክምናውን ብቻ ካገኙት የተሻለ የዕለት ኑሯቸውን መምራት እንደቻሉ አሳይቷል። ያንን ሠራተኛ የሚመድብ ፕሮጀክት ከሌለ፣ በሰፈራችሁ የሚቀርበው እድሩ ነው።

1. መተዳደሪያ ደንቡን አንብቡ። «ሕመም» የሚል አንቀጽ ፈልጉ።
2. ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ድንገት አትነሱ። ከስብሰባው በፊት ሊቀ መንበሩን ቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሩ። ሕመምተኛው ያልፈቀደውን ዝርዝር አትናገሩ፤ «የረጅም ጊዜ ሕክምና ላይ ነው» ይበቃል።
3. «እርዱን» አትበሉ፣ ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቁ፦ «ጋሼ፣ በወር አንድ ቀን ሆስፒታል አብሮ የሚሄድ አንድ ሰው፣ ለሌሊት ድንገተኛ ደግሞ መኪና ያለው አንድ አባል ብትመድቡልን።» ገንዘብ ከጠየቃችሁ ለስድስት ወር ትራንስፖርት በሚል በልኩ አድርጉት።
4. ቃሉን በቃለ ጉባኤ አስይዙ። ሊቀ መንበር ሲቀየር ያልተጻፈ ነገር ይረሳል።

*እምቢ ካሉ?* የሴቶች እድርን፣ ማኅበሩን፣ ሰንበቴውን ወይም የመስጊዱን ጀመዓ ሞክሩ። ስብሰባ ላይ «እብድ» እያለ የሚቀልድ ካለ በስም ጥሩለት፦ «ስሙ እንትና ነው፣ የእትዬ እንትና ልጅ ነው።» አብዛኛው ሰው እዚያው አደብ ይገዛል።

ደረጃ 7፦ ወረዳ የሚያልቁ ጉዳዮች

የወረቀት ሰው ቀጥታ እነዚህን ይያዝ።

*ጤና መድህን።* የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ምዝገባና እድሳት በዓመት በተወሰነ ወቅት ነው የሚካሄደው። ቀኑን ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠይቁና ደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፉ። መክፈል የማትችሉ ከሆነ መንግሥት ከሚከፍልላቸው ዝርዝር ውስጥ እንድትገቡ አመልክቱ፤ ዝርዝሩ የሚዘጋጀው በቀበሌ ደረጃ ስለሆነ የእድሩ ሊቀ መንበር ምስክርነት ዋጋ አለው።

*ሴፍቲኔት።* መሥራት የማይችል ሰው በሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ (ሥራ ሳይጠየቅ በሚሰጥ እርዳታ) ውስጥ ሊታቀፍ ይችላል። የሐኪም ማስረጃ አያይዙ። ማመልከቻው የሚገባው ወረዳው ውስጥ ላለው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ለመርዳት እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይላል፤ ማመልከቻው ላይ ጥቀሱት። ቅጂ አስቀሩ፣ ያስገባችሁበትን ቁጥርና ቀን ተቀበሉ። «ነገ ና» የሚል ካጋጠማችሁ ቁጥሩ ነው የሚያከራክርላችሁ።

*ሥራ።* በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። ከሥራ በቀረ ማግስት ለአሠሪው አሳውቁ፣ የሐኪም ማስረጃ ስጡ። ብዙ ሰው ሥራውን የሚያጣው በሕመሙ ሳይሆን ሳያሳውቅ በመቅረቱ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ማኅበርም አለ። ሕመሙን ራሳቸው ያለፉበት ሰዎች ናቸው፤ ዘመድ ያልደፈረውን ጥያቄ እነሱን መጠየቅ ይቀላል።

ደረጃ 8፦ ቢያገረሽ ማን ምን ያደርጋል?

ይህን ሕመምተኛው ደህና በሆነበት ቀን፣ እሱ ራሱ ተቀምጦ ጻፉት። «ሊነሳብህ ሲል መጀመሪያ ምን ይታይሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። አንዱ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ማጣት ይላል፣ ሌላው ሬዲዮው ስለ እኔ ያወራል፣ ሌላዋ ገንዘብ መበተን። ከምልክቱ ጎን ማን እንደሚደወልለት፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሚሄድ፣ ልጆቹ ማን ጋ እንደሚያድሩ፣ የባንክ ደብተሩን ማን እንደሚይዝ ይጻፍ። የማይፈልገውም ይጻፍ፦ «አጎቴ አይጠራ» ካለ አይጠራም። አንድ ቅጂ ለአጃቢው፣ አንድ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስጡ።

ቀጠሮ ካመለጠ ወር አትጠብቁ፣ በማግስቱ ሂዱ። «ለምን ቀረህ?» የሚል ቁጣ ቢያጋጥማችሁም ታገሱት።

የመድኃኒት ሰው ከሰፈር ከለቀቀ ወይም ከታመመ ምትኩን ያን ሳምንት ተኩ። ሦስቱም ሰዎች በየሦስት ወሩ ቡና ላይ ይገናኙ፤ ሕመምተኛውም ይገኝ። ደብተሩ ይነበብ፣ የደከመ ሰው «ደክሞኛል» ይበል፣ ተራው ይቀየር። እናትየዋ እንቅልፍ አጥታ፣ ያለ ምክንያት እያለቀሰች ከሆነ ለእርሷም ካርድ አውጡላት፤ የልጇን ቀጠሮ ቀን ጠብቃችሁ በአንድ መንገድ ሁለቱንም ማሳየት ትችላላችሁ።